ለአንቀልባው የታሰበ ዛጎል

ፋዲላ ሳልህ በ1974 ዓ.ም. ክረምት ወደ ቡልጋሪያ ስትሄድ፣ ከፓስፖርቷ ቀጥሎ አጥብቃ የያዘችው አንድ ክር ነበር። ጥቁር የጥጥ ክር ነው፤ ሠላሳ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። የቋጠሩት አማቷ ሐጂራ ናቸው። በተነሳችበት ቀን ጠዋት፣ የእርሻው መኪና በር ላይ ቆሞ ክላክስ እያሰማ፣ ክሩን መዳፏ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን ራሳቸው አጠፉላት።

«ሠላሳ ሦስት ነው፤ ሠላሳ ሁለት አይደለም» አሉ። «አንድ ቋጠሮ አንድ ዛጎል። አማና ነው፤ አደራ።»

«ኢንሻአላህ አመጣለሁ፣ እማዬ።»

«ኢንሻአላህ ብለሽ እንዳታመልጪኝ። አመጣለሁ በይ።»

«አመጣለሁ።»

ፋዲላ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ሸዋ ሮቢት ትምባሆ እርሻ ላይ ቅጠል ሰኪ። ቅጠሉ ከማሳ እንደገባ ሴቶቹ ዳስ ሥር ይደረደራሉ፤ ክንድ በሚያህል መርፌ የቅጠሉን ግንድ እየወጉ በሲባጎ ይሰኩታል። የተሰካው በዘንግ ተንጠልጥሎ ማድረቂያ ቤት ይገባል። ልክ መሃሉ ላይ ያልተወጋ ቅጠል ሲደርቅ ይቀደድና ይረግፋል። የፋዲላ አይረግፍም። እጇም ፈጣን ነው፤ ሌላዋ አንድ ዘንግ ስትጨርስ እሷ ሁለተኛውን ታጋምሳለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ኮከብ ሠራተኛ ተባለች። በሦስተኛው ዓመት፣ ወዳጅ አገሮች ለሠራተኛ በሚሰጡት የዕረፍት ዕድል ከእርሻው ሁለት ሰው ይሂድ ሲባል አንዷ እሷ ሆነች። ሌላው የትራክተር መካኒኩ በቀለ ነበር። አሥራ አራት ቀን፣ ጥቁር ባሕር ዳር፣ ቫርና የምትባል ከተማ።

ባሏ ሸሪፍ ወሬውን ሲሰማ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኔስ እሺ ብያለሁ። ልጆቹን የምትይዘው ግን እናቴ ናት፤ እሷን ጠይቂ» አለና መስኖውን ልይ ብሎ ወጣ። በዚያ ሰዓት መስኖው ውስጥ ውሃ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሐጂራ መጀመሪያ የጠየቁት ለዕረፍት የሚሄዱት ሰዎች እዚያ ምን እንደሚሠሩ ነው።

«ያርፋሉ» አለች ፋዲላ። «ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ።»

«ምን ይሞቃሉ?»

«ፀሐይ።»

ሐጂራ በበሩ በኩል ወደ ውጭ አዩ። ሰኔ ነው፤ እኩለ ቀን፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ክንፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ሥር ተጋድመዋል። «ከዚህ ተነሥተሽ፣ በአውሮፕላን ተሳፍረሽ፣ ፀሐይ ልትሞቂ? ለሰው እንዳትናገሪ። አበዱ ይሉናል።»

እሺም እምቢም ሳይሉ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ግን ፋዲላን ጠርተው ከአልጋቸው ሥር ያለውን ሳጥን አስወጧት። ከውስጡ ያወጡት አንቀልባ ነበር።

አንቀልባው በቅቤ የለሰለሰ የፍየል ቆዳ ነው፤ ከሐጂራ አያት ጀምሮ የመጣ። በእነሱ ቤት ልማድ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች። በአርባኛው ቀን የባሏ ወገኖች ሊወስዷት ይመጣሉ፤ ሕፃኑም በዚህ አንቀልባ ታዝሎ ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ሲገባም ፊቱን ከማየታቸው በፊት የሚያዩት ጀርባውን ነው፤ ማለትም አንቀልባውን። ጀርባው ላይ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆኖ በሦስት ረድፍ የተሰፋ ዛጎል ነበረበት። አሁን ያለው የክሩ ቁራጭና ዛጎሉ ያረፈበት ነጣ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ነው።

«በስልሳ ስድስቱ ድርቅ» አሉ ሐጂራ፣ ምልክቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። «ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ለአንዲት የአፋር ሴት አንድ በአንድ እየፈታሁ ሰጠኋት። በማሽላ። መሪያም ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ያንን ማሽላ በልታ ነው ዛሬ ለመውለድ የበቃችው።»

መሪያም የሐጂራ የመጨረሻ ልጅ ናት። ጀውሃ ተድራ፣ መስከረም ላይ የመጀመሪያዋን ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል።

«ሰንበቴ እኮ ዛጎል ሞልቷል» አለች ፋዲላ። «እሁድ ሄጄ ልገዛልዎ እችላለሁ።»

«መሙላቱንማ ሞልቷል። ሁሉም ግን ከሰው ላይ የተፈታ ነው። ማን አስሮት እንደነበር፣ ምን አስፈታው፣ አላውቅም። የራሴ ምን እንዳስፈታው ግን አውቃለሁ። የሌላ ሰው ረኀብ ለመሪያም ልጅ አልሰፋለትም።» አንቀልባውን አጠፉት። «ባሕር ትሄጃለሽ አይደል? ከባሕሩ አምጪልኝ። የሰው እጅ ያላሰረው። ልጆችሽን እይዛለሁ።»

ፋዲላ ወዲያው ተስማማች። ባሕር ካለ ዛጎል አለ፤ ይህንን የማያውቅ በይፋት ቆላ አልነበረም። ደግሞ ሌላም ሐሳብ ነበራት። ኅዳር ላይ ናዝሬት የሚጀመር የስድስት ወር ትምህርት አለ፤ የተማረ ሰው ሲመለስ ቅጠል መስካቱን ትቶ የደረቀውን ቅጠል በየደረጃው የሚመድብ ይሆናል። ስምንተኛ ክፍል ለጨረሰ ይፈቀዳል፤ እሷ ጨርሳለች። ያኔም ልጆቹን የሚይዙት ሐጂራ ናቸው። የዛሬውን አማና በደንብ ከተወጣች የኅዳሩን ለመጠየቅ አፍ ይኖራታል።

ቫርና በደረሱ ማግስት፣ ሌላው ሰው ቁርስ ላይ እያለ፣ ፋዲላ ረጅም ቀሚሷንና ሻሿን እንዳደረገች ክሩን የእጇ አንጓ ላይ ጠምጥማ ወደ ባሕሩ ወረደች። አሸዋው ላይ ራቁት ለመሆን ትንሽ የቀራቸው ሰዎች እንደ ተሰጣ በርበሬ ተደርድረዋል። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በመሃላቸው አለፈች። ለማንኛውም ወደ መሬት ማየት ነበረባት።

አሸዋው ላይ ቅርፊት ሞልቷል። ጥቁርና ሞላላ፣ ውስጡ ወይን ጠጅ የሆነ አለ። እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ሸንተረር ያለው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ፣ ነጭና ቡናማ አለ። ሆዱ የተሰነጠቀው ነጭ ዛጎል ግን የለም። በሁለተኛው ቀን በሌላ በኩል ሄደች። በሦስተኛው ቀን ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ አሸዋውን በእጇ ዛቀች። የለም።

ዓለሙ የሚባል እዚያው አገር እርሻ የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአስተርጓሚነት ተመድቦላቸው ነበር። እሱን ጠየቀችው።

«ዛጎል? እዚህ የለም» አላት። «ዛጎል ሞቃት ባሕር ነው የሚፈልገው። ይኼ ቀዝቃዛ ነው። የኛው ቀይ ባሕር ውስጥ አለልሽ።»

«ታዲያ ይኼ ባሕር አይደለም?»

«ባሕር ነው። ባሕር ግን ሁሉ አንድ አይደለም።»

ፋዲላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ለዛጎሉ ባሕር ከእሷ ይልቅ ሰንበቴ ገበያ ያሉት የአፋር ሴቶች ይቀርቡ ኖሯል። ሁለት አውሮፕላን ቀያይራ ከዛጎል ርቃ ሄዳለች ማለት ነው። ይህንን ስታስብ አላለቀሰችም፤ ክሩን ከአንጓዋ ፈትታ ቋጠሮዎቹን እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ ሦስት ናቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በቀለ ከመንገድ ዳር ሱቅ ሆኖ ጠራት። «ነይ እንጂ! አገኘሁልሽ!»

ሱቁ ውስጥ በፖስታ ካርድና በመነጽር መካከል የአንገት ጌጥ ተሰቅሏል። ነጭ፣ ደልደል ያለ፣ ሆዱ የተሰነጠቀ፤ ዛጎል። ዓለሙ ባለሱቋን ጠይቆ፣ ከሩቅ በመርከብ መጥቶ እዚህ እንደሚታሰር ነገራቸው። በቀለ አንዱን ለሚስቱ ለአበራሽ ገዛ።

«አንቺም ሁለት ሦስቱን ግዢ፣ ፈትተሽ ክርሽ ላይ አስገቢው፣ ከባሕር ለቀምኩት በይ» አላት። «ማን አየሽ? ሐጂራ እዚህ ድረስ መጥታ ታጣራለች?»

ፋዲላ አንዱን አንሥታ አየችው። ትክክለኛ ዛጎል ነው። አገላብጣ አየችና መልሳ ሰቀለችው።

«ምነው?»

«የታሰረ ነው። ማን እንዳሰረው አላውቅም።»

«ወይ አንቺ! ፋብሪካ ነዋ ያሰረው!»

በማግስቱ ወደ ባሕሩ ስትወርድ የምትፈልገውን ለውጣለች። ቅጠል ሰኪ ከሁሉ በፊት የምታየው የት እንደሚወጋ ነው። ማራገቢያ ከሚመስሉት ቅርፊቶች አንዳንዶቹ ከጫፋቸው ዝቅ ብሎ፣ ልክ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አላቸው። ዓለሙ፣ ሥጋ የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ እንዳለ፣ ቅርፊቱን በስቶ ውስጡ ያለውን እንደሚበላ ነገራት።

«ሰው አልወጋውም ማለት ነው?»

«ኧረ ማንም ሰው አልነካውም።»

ለእሷ የበቃት ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንዱን ቀን ያሳለፈችው አጎንብሳ ነው። የቀዳዳው ቦታ ልክ መሆን አለበት፤ ወደ ጎን የሄደ ሲሰፋ ያዘነብላል። መጠኑ በሁለት ቋጠሮ መካከል የሚገባ መሆን አለበት። ጠርዙ የተሸረፈ ይጣላል። ከመቶ አንድ ብታገኝ ነው። ያገኘችውን እየለካች ክሩ ላይ ትሰካለች፣ ቋጠሮ ለቋጠሮ። የተጋደሙት ሰዎች መጀመሪያ አዩዋት፤ ከዚያ ለመዱና እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። አንዲት ቀይ አሮጊት አንድ ቀን በእጅ ምልክት ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት፣ ቀዳዳውን ስታሳያት ሁለት አምጥታ ሰጠቻት። ፋዲላ በፈገግታ ተቀበለች፤ ሴትዮዋ ዘወር ስትል መልሳ አሸዋው ላይ አስቀመጠቻቸው። የሰው እጅ ነክቷቸዋል።

በቀለ ከጃንጥላ ሥር ሆኖ ይስቃል። «አሁንስ እዚህም ዳስ ልትሠሪ ነው! ኮከብ ሠራተኛ!»

በመጨረሻው ቀን ሠላሳ አራት ሆነ። አንዱ መጠባበቂያ ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሸዋ ሮቢት ስትገባ ከልጆቿ ቀጥላ የሳመችው ሐጂራን ነው። ነጠላ ውስጥ የጠቀለለችውን ፊታቸው ፈታችው። ሐጂራ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይኼ ዛጎል አይደለም።»

«አይደለም፣ እማዬ። ያ ባሕር ዛጎል የለውም።»

«ዛጎል የሌለው ባሕር አለ?»

«አለ። እኔም አላውቅም ነበር። ግን እጅ ያልነካው ነው፤ ቀዳዳውም የራሱ ነው። ልክ በቋጠሮው...»

«እሺ» አሉ ሐጂራ። ቅርፊቱን ከነክሩ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተው መደርደሪያው ላይ ሰቀሉት። «ደኅና መግባትሽ ይበልጣል። አልሐምዱሊላህ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ፋዲላ የናዝሬቱን ነገር ያን ቀንም በማግስቱም ሳታነሳው ቀረች።

መሪያም መስከረም በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ስም ወጣ፤ ቤቱ በአራስ ጠያቂ ሞላ። አንድ ቀን የበቀለ ሚስት አበራሽ ስኳርና ሳሙና ይዛ መጣች። ከሐጂራ ጋር በአንድ ቧንቧ ውሃ የሚቀዱ የረጅም ጊዜ ጎረቤታሞች ናቸው። ስትቀመጥ ነጠላዋ ከአንገቷ ወረድ አለ፤ ዛጎሉ ታየ።

ሐጂራ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ። «አበሩ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ይኼ?» አበራሽ ደረቷን ነፋች። «በቀለ ነው ከባሕሩ ያመጣልኝ። ሦስት ጊዜ ጠልቆ! ትንፋሽ ሊያጥረው ነበር እኮ። ተው ይሉታል፣ እምቢ ብሎ ይጠልቃል።»

ፋዲላ ለአራሷ አጥሚት እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን ቀጠለች። እንግዳ ፊት ባልሽ ዋሽቶሻል አይባልም፤ ያውም ስኳር ይዛ የመጣች እንግዳ።

አበራሽ እንደ ወጣች ሐጂራ ምራታቸውን ዓይኗን እያዩ ጠየቁ። «ያ ባሕር ዛጎል የለውም ብለሽኝ አልነበር?»

«የለውም። ከሱቅ ነው የገዛው። እኔም አብሬ ነበርኩ።»

«ሱቅ ውስጥ እያየሽው ነው ትተሽ የመጣሽው?»

«የታሰረ ነበር፣ እማዬ። የታሰረ አልፈልግም ብለውኝ የለም?»

ሐጂራ ኩባያቸውን መልሰው አነሡ። «እንግዲህ ከሁለት አንድ ነው። ወይ እሱ ሚስቱን ዋሽቷል፣ ወይ አንቺ ለመጥለቅ ሰንፈሽ እኔን ዋሽተሻል። የትኛው እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ፦ «ሸሪፍ ስለ ናዝሬት ነግሮኛል። ስድስት ወር ልጅ የምይዘው ቃልሽን ይዤ ነው። ቃልሽ ከሌለ ምን ልያዝ?»

መሪያም ከአልጋዋ ሆና «ኧረ እማዬ፣ ተይ» አለች። ሐጂራ አልሰሟትም።

ፋዲላ በማግስቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጋራዥ ሄደች። በቀለ ትራክተር ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ለእግሩ ነገረችው።

«አዳምጪኝ» አለ ከሥር ሆኖ። «አበራሽ ያንን ነገር አንገቷ ላይ አድርጋ በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ለማኅበርተኞቿ ሁሉ አሳይታለች። ጠልቄ አወጣሁት ብያለሁ፤ አሁን ተነሥቼ ከሱቅ ነው ልበል?»

«መዋኘት እንኳ አትችልም፣ ጋሽ በቀለ። ጫማህን ሳታወልቅ ነው የተመለስከው።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ለእማዬ ብቻ ንገራቸው። እትዬ አበራሽ መስማት የለባትም።»

«ለሐጂራ የተነገረ አበራሽ ጋ አይደርስም? በአንድ ቧንቧ እየቀዱ?» መፍቻው ከእጁ አምልጦ ብረት ላይ ጮኸ። «ተይኝ እስቲ፣ ፋዲላ። ሁለት ቅርፊት ለሚያህል ነገር ቤቴን አታፍርሽው።»

«ለኔ ሁለት ቅርፊት አይደለም። ናዝሬት መሄዴ ነው የሚቀረው። ኅዳር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

መፍቻውን በዳበሳ ፈልጎ ሥራውን ቀጠለ። እግሮቹን ጥቂት ጠበቀቻቸውና ወደ ዳሱ ሄደች። ያን ቀን ስድስት ቅጠል ግንዱን ስታ ወጋች።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሐጂራ ሕፃኗን ያጥባሉ፣ ለፋዲላ ልጆች ምሳ ያበላሉ፣ ከፋዲላ ጋርም ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ እንጨት ያወራሉ። አንቀልባው እንደ ታጠፈ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የጀውሃ ሰዎች ሊመጡ አሥር ቀን ሲቀር ሐጂራ አውጥተው ቅቤ ቀቡት። መላጣውን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰቀሉት።

በጁምዓ ቀን፣ ሸሪፍ ከሶላት ተመልሶ ምሳ ሲበላ፣ ደጁ ላይ የአበራሽ ድምፅ ተሰማ። ከኋላዋ በቀለ አለ፤ ቅባት የነካው ቱታውን እንኳ አላወለቀም። አበራሽ ሳትቀመጥ የአንገቷን ጌጥ ፈትታ ወደ ሐጂራ ዘረጋችው።

«እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ሐጂሬ። ይቺን ጫፏን።»

ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት መቆለፊያ አለ፤ ላዩ ላይ የባዕድ አገር ፊደል ተጽፎበታል።

«ትናንት ሲነግረኝ ነው ያየኋት። ሁለት ወር ሙሉ አንገቴ ላይ ስቆልፍና ስፈታ! መቆለፊያ ያለው ዛጎል ባሕር ውስጥ ይበቅላል ወይ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ!» ወደ ባሏ ዞረች። «ሦስት ጊዜ ጠለቀ! የት? ሱቅ ውስጥ!»

ሸሪፍ ጉርሻው ትን አለው። ሐጂራ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በቀለ አንገቱን አከከ። «እትዬ ሐጂራ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልነካውም። እውነቱ ይኼው። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ፤ ግን ባለፍኩ ቁጥር ይቺን ልጅ ዳሱ ሥር አያታለሁ፤ ታየኛለች፣ አንዲት ቃል አትናገርም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግዢና ከባሕር ነው በይ ያልኳት እኔ ነኝ። መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አጎንብሳ ለቀመች። አንዲት ፈረንጅ ለቅማ ብትሰጣት እንኳ ሰው ነክቶታል ብላ ጣለችው። እኔ ጃንጥላ ሥር ሆኜ ስስቅባት ነበር።»

አበራሽ ጌጡን የሐጂራ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። «ውሰጂው። ፈትተሽ ለአንቀልባው አድርጊው፤ ለኔ አስጠልቶኛል።»

«ኧረ ያንቺ ነው፣ ውሰጂ» አሉ ሐጂራ፣ መልሰው እጇ ላይ እያደረጉ። «ስንት ባል አለ፣ ለሚስቱ ብሎ መዋሸት እንኳ የሚታክተው።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ሐጂራ ከመደርደሪያው ጣሳውን አወረዱ። አንዱን ቅርፊት አንሥተው ወደ በሩ ሄዱና በቀዳዳው ወደ ብርሃኑ አዩ።

«ወስፌ አልነካውም?»

«አልነካውም።»

«ሠላሳ ሦስት?»

«ሠላሳ አራት። አንዱ ቢሰበር ብዬ።»

«መርፌሽን አምጪ።»

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሐጂራ ቆዳውን ወጥረው ይይዛሉ፤ ፋዲላ ትሰፋለች። የመስፊያ ክሯን በቀዳዳው ሁለቴ አሳልፋ፣ ቅርፊቱ እንዳይዞር ከሥሩ ታስረዋለች፤ ልክ ወፍራም ግንድ ያለው ቅጠል እንደሚታሰረው። በቆላው ሙቀት እጅ ያልበዋል፤ ቅርፊቱም ከዛጎል ይልቅ ቀጭን ነው። ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ ተሰነጠቀ። መጠባበቂያውን ስታስገባ እሱም ለሁለት ተከፈለ። በረድፉ መጨረሻ አንድ ቦታ ባዶ ቀረ።

ፋዲላ መርፌዋን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሠላሳ ሁለት ይበቃል» አሉ ሐጂራ።

በአርባኛው ቀን የጀውሃ ሰዎች መጡ፤ የመሪያም አማት፣ ሁለት አክስቶችና ባሏ። ምሳ በሉ፣ ዱዓ ተደረገ። ሕፃኗ በአንቀልባው ታዘለች። እናቷ ስትዞር ሦስቱ ረድፎች ጀርባዋ ላይ ታዩ፤ ነጭና ቡናማ፣ እንደ ተዘረጉ ትናንሽ ማራገቢያዎች። ከዛጎል ይልቅ ቀለል ያለ ድምፅ አላቸው፤ መሪያም ስትራመድ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ይንሾካሾኩ ነበር።

«ማሻአላህ። ይኼ ምንድነው?» አለች የመሪያም አማት፣ እጇን ሰድዳ። «ዛጎል አይደለም።»

«አይደለም» አሉ ሐጂራ። «ዛጎል ከሌለበት ባሕር የመጣ ነው። ምራቴ ለቅማ አመጣችው።»

ሴትዮዋ እየቆጠረች ይሁን እየዳበሰች አይታወቅም፣ ጣቷ የመጨረሻው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ አንድ ይጎድላል።»

«አንቀልባው ገና ብዙ ልጅ ያዝላል» አሉ ሐጂራ። «ባሕር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይሞላል።»

እስከ መንገዱ ሸኟቸው። ጀውሃ የሚሄድ የጭነት መኪና አቁመው መሪያምን ጋቢና አስገቧት፤ ሌሎቹ ከላይ ወጡ። አቧራው ሲረግፍ ሐጂራና ፋዲላ ጎን ለጎን ወደ ቤት ተመለሱ። የፋዲላ ትንሹ ልጅ የአያቱን ቀሚስ ይዞ ይከተላል።

«ያ ትምህርት መቼ ነው ያልሽኝ?» አሉ ሐጂራ፣ መንገዱን እያዩ።

«ኅዳር ሦስት ይጀመራል።»

«ናዝሬት ባሕር አለ?»

«የለም፣ እማዬ።»

«ደግ ነው» አሉ። «እንግዲያው ክር አልቋጥርልሽም።»